ፊልሙ የዋሸባቸው ሦስት ቦታዎች

መርፌዋ ጨርቁን ወግታ ስትወጣ ቀዩ ክር ይከተላታል። ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ የዘረጋችው የሆቴል የጠረጴዛ ልብስ ነው። እድፍ ባየችበት ቦታ ሁሉ ክር ታስራለች፤ ለሻይ አንድ ዙር፣ ለዘይት ሁለት፣ ለደም ሦስት። ጨርቅ አንዴ ከራሰ እድፉ የት እንደነበር ዓይን ይሳሳታል፤ ቀይ ክር ግን ውሃ ውስጥም ይታያል። እድፉ ሲለቅ ክሩ ይፈታል። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት የሠራችው በዚህ ዘዴ ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላም የሆቴል ልብስ ቤቷ ድረስ እያስመጣች ያንኑ ትሠራለች።

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም "ዝምታ" ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጣችላት ከጎኗ ቆማ ስትተኩስ የኖረችው፣ ወሬ ስለማያመልጣት ራሷም "ጋዜጣ" የተባለችው ሴት ናት። ሁለቱ በአንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው አረጁ። አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች፤ የተተኮሰው ልብስ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ይቆለላል።

የዚያን ቀን ጠዋት በሩን ያንኳኳችው የነርሷ ልጅ ነበረች። ነርሷ የዝምታ የልብ ጓደኛ፣ የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ከማረፏ በፊት ትዝታዋን ጽፋ አሳትማለች። ከመጽሐፉም ፊልም ተሠርቷል።

"እትዬ፣ ፊልሙን ሊጥሉት ነው" አለች ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ።

"እነማን?"

"የፊልም ውድድሩ ዳኞች። ያስመዘገብነው በሕይወት ታሪክ ዘርፍ ነበር። አንዱ ዳኛ 'ይህ የሕይወት ታሪክ አይደለም' ብሎ ድርቅ አለ። እናትሽ ትዝ ያላትን ጻፈች፣ ፊልም ሠሪው ደግሞ የጻፈችውን እንደመሰለው አድርጎ ሠራው፤ የወሬ ወሬ ነው ይላል። ወደ ልብ ወለድ እንዳናዞረው ደግሞ የዚያ ምዝገባ ተዘግቷል።"

"ባይወዳደርስ ምን ይሆናል?"

ልጅቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዚፑን ከፈተች፣ ዘጋች። "ሽልማቱ ይቅርብኝ። እማዬን 'ተረት ጻፈች' ያሏት ሰዎች ዛሬም አሉ። ዳኞቹ ከጣሉት እነሱ ያሉት ጸደቀ ማለት ነው። ያየ ሰው ካላችሁ ነገ አምጡ ብለውናል።"

"ጋዜጣ አለች አይደል? መናገር ለሷ ነው የተሰጠው።"

"እሳቸውን ትናንት በስልክ አናግረዋቸዋል። ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ አከራያቸው ግማሽ ሰዓት ሲያወሩላቸው ጊዜ ሌላ ሰው አምጡ አሉን።"

ዝምታ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወቻት። በሰው ፊት ተነስታ የተናገረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ለጡረታ ሲሸኟት እንኳ ምስጋናውን ያቀረበችላት ጋዜጣ ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው። የሆስፒታሉ የውሃ ሞተር ተቃጠለ። ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ልጆች ተኝተዋል፤ የሚበዙት ተቅማጥ የያዛቸው ናቸው። አንሶላው በቀን ሦስቴ ካልተቀየረ በሽታው ካንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። አስተዳዳሪው ክፍሉ ይዘጋ፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይሂዱ ብሎ ወረቀት ጻፈ። ነርሷ አንድም ልጅ አልልክም አለች። የልብስ ማጠቢያው ሰባት ሴቶች ከመንገዱ ማዶ ካለው የጡብ ፋብሪካ ጉድጓድ በባልዲ እየቀዱ፣ አንሶላውን ለሁለት በተቆረጠ በርሜል እያፈሉ፣ አልደርቅ ያለውን በከሰል ካውያ እየተኮሱ ሞተሩ እስኪጠገን ዘጠኝ ቀን ሠሩ። አንድም ልጅ አልሞተም። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን "የውሃው ችግር በአስተዳደሩ ብርቱ ጥረት ተፈቷል" የሚል መስመር ወጣ። ስለ ባልዲው ትንፍሽ ያለ የለም። ነርሷ በመጽሐፏ እውነቱን ስታወጣው አስተዳዳሪውና ወዳጆቹ "ተረት ነው" አሉ።

"መጽሐፉን አንብቤዋለሁ" አለች ዝምታ። "ፊልሙን ግን አላየሁትም። ሳላየው ምን እላለሁ?"

ከሰዓት በኋላ በልጅቱ ኮምፒውተር አዩት። ጋዜጣም ሳትጠራ ደረሰች፤ ወንበሯን ከሁሉም ፊት ስባ ተቀመጠች። ፊልሙ መሀል ላይ ሲደርስ አንዲት ረጅም ሴት የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ አስተዳዳሪውን በንግግር ልክ ልኩን ነገረችው።

"ይቺ ቀውላላ ማን ናት?" አለች ጋዜጣ።

"እትዬ ናቸው" አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

ጋዜጣ ዞር ብላ ጓደኛዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ይቺ? ይቺ እኮ ጠረጴዛ ስትወለውል ጠረጴዛውን ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው ናት። እኔስ የታለሁ?"

"እርስዎ አልገቡም።"

"እንግዲያው ዳኛው እውነቱን ነው። ምኑ የሕይወት ታሪክ ሆነ።"

ዝምታ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ትንሽ ቆይቶ ግን ነርሷን ሆና የምትጫወተው ሴት የቆሸሸ ልብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ መጣች። የዝምታ ፊት ተለወጠ። እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ከሄዱላትም በኋላ ያ ጆንያ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ስለ ጆንያው መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም። እሷም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በማግስቱ የዳኞቹ ክፍል ውስጥ ወንበሮች ግድግዳው ሥር ተደራርበዋል፤ የፊልም ማሳያው ማሽን አቧራ እንዳይገባበት ፎጣ ለብሷል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። መሀል ላይ ጠና ያሉት ሰብሳቢ፣ በግራ የታሪክ መምህሯ፣ በቀኝ ያ ድርቅ ያለው ባለ መነጽር። የባለ መነጽሩ ሸሚዝ ኪስ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው የቀለም እድፍ አለ። ዝምታ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከጀርባዋ የነርሷ ልጅና ጋዜጣ ተቀምጠዋል። ጋዜጣ ቃል ላትተነፍስ ምላ ነው የገባችው።

"እናቴ፣ ይቀመጡ" አሉ ሰብሳቢው። "ፊልሙ የተናገረው በእውነት የሆነ ነው?"

ዝምታ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። "ፊልሙ ሦስት ቦታ ላይ ዋሽቷል" አለች።

ከኋላዋ የወንበር መንቋቋት ተሰማ። ባለ መነጽሩ ብዕሩን አነሳ። "ይቀጥሉ።"

"ዘጠኙን ቀን ሦስት ቀን አድርጎታል። ይሄ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ እኔ ንግግር አላደረግሁም። አስተዳዳሪው ይዘጋ የሚለውን ወረቀት ይዞ በአራተኛው ቀን ወደ ማጠቢያው መጣ። እኔ ሁለት ባልዲ ተሸክሜ ከበሩ እየገባሁ ነበር። ምን እንደምለው ጠፋኝና አንዱን ባልዲ ሰጠሁት። እሱም ተቀበለኝ። እስከ በርሜሉ ድረስ ተሸክሞ አደረሰልኝ፤ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ጫማውን እያየ ወጣ፣ ወረቀቱንም ሳያነብልን ሄደ።"

መምህሯ አፏን በእጇ ያዘች። "ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም" አለች።

"ነርሷ አላየችውም። ልጆቹ ጋ ነበረች።"

"ሦስተኛውስ?" አለ ባለ መነጽሩ። ከዚያ መልሷን ሳይጠብቅ መጽሐፉን ገለጠ። "ቆይ፣ እኔ ልንገርዎ። ነርሷ ራሷ በጻፈችው ላይ 'ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልፈራሁም' ትላለች። ፊልሙ ውስጥ ግን ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። መጽሐፉ አንድ ሰው፣ ፊልሙ ሌላ ሰው ነው የሚያሳየን። ታዲያ ይሄ የማን ሕይወት ታሪክ ይባላል?"

ዝምታ ዞራ የነርሷን ልጅ አየቻት። አሁን የምትናገረው ነገር የጓደኛዋን መጽሐፍ በልጇ ፊት ሊያስወቅሰው ነው። ካልተናገረች ደግሞ ዳኛው ያለው ትክክል ሊሆን ነው። እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አወጣቻቸው።

"አላለቀሰችም" አለች። "ፊልሙ ሦስተኛ የዋሸው እዚያ ላይ ነው። መጽሐፉ ግን እሱም አንድ ቦታ ዋሽቷል። ፈርታ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደኛ መጣችና ጆንያው ላይ ተቀመጠች። እጇ እንዲህ እንዲህ ይል ነበር።" ጣቶቿን ዘርግታ አንቀጠቀጠቻቸው። "ከነዚህ ልጆች አንዱ ቢሞት እኔ ነኝ የገደልኩት አለችኝ። እኔ መናገር አላውቅም። ካውያውን አስያዝኳት። ካውያ ከባድ ስለሆነ እጅ ያስቆማል። ሁለት አንሶላ ተኮሰች፣ አሳረረቻቸውም። ከዚያ ተነስታ ወደ ልጆቹ ሄደች። ይኼው ነው።"

ባለ መነጽሩ ብዕሩን አስቀመጠ። "እና ፊልም ሠሪው መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ነገር ከየት አመጣው?"

"ከኔ" አለች የነርሷ ልጅ ከኋላ። ድምጿ ቀጥኗል። "ስለ ጆንያው አላውቅም ነበር። ግን ቤታችን ውሃ በተቋረጠ ቁጥር የእማዬ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳህን ታስቀምጥና ሄዳ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። ለምን እንደሆነ ሳልረዳው ነው ያደግሁት። ያንን ለተዋናይዋ ነገርኳት። ማጠቢያው ውስጥ አልጋ ስለሌለ ጆንያው ላይ የተቀመጠችውም፣ ማልቀሱን የጨመረችበትም እሷ ናት።"

"ስለዚህ ይህች ሴት ስለ ራሷ ከጻፈችው ይልቅ" አለች መምህሯ ለራሷ እንደምትናገር ሰው፣ "ፊልሙ ያሳየው ለእውነቱ ቀርቧል።"

"ቀርቧል ግን ዋሽቷል" አለ ባለ መነጽሩ። ወደ ዝምታ ዞረ፤ አሁን ድምጹ ለስለስ ብሏል። "እናቴ፣ እርስዎ ፊልሙን ሊደግፉ መጥተው ውሸቱን ቆጠሩልን እኮ።"

"ልብስ ስንረከብ መጀመሪያ የምንቆጥረው እድፉን ነው፣ ጌታዬ። አንሶላው ሦስት ቦታ ቆሽሿል ብለን እንጽፋለን እንጂ አንሶላ አይደለም ብለን አንመልሰውም። እርስዎም ሸሚዝዎ ኪስ ላይ ቀለም አለ። ሸሚዝ ነው ግን።"

ጋዜጣ ከዚያ በላይ መሐላዋን መጠበቅ አቃታት። "አርባ ዓመት ያጠራቀመችውን ዛሬ አወጣችው" አለች። ሰብሳቢው ሳቃቸውን ለመደበቅ ውሃ ጠጡ።

አስወጥተዋቸው ለሃያ ደቂቃ ያህል ተመካከሩ። ኮሪደሩ ላይ ልጅቱ የዝምታን እጅ ይዛ ቆየች። ለመቀየም ጊዜ አላገኘችም ይሁን አልፈለገች ዝምታ አላወቀችም። መጨረሻ ላይ ግን ልጅቱ "አሳረረቻቸው አሉ?" ብላ ጠየቀች።

"ሁለቱንም። እንደ ዳቦ።"

ልጅቱ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች።

ሰብሳቢው ራሳቸው ወጥተው ነገሯቸው። ሁለት ለአንድ። ፊልሙ በሕይወት ታሪክ ዘርፍ ይወዳደራል፤ መግቢያው ላይ "የአንዲት ነርስ የሕይወት ታሪክ" የሚለው ጽሑፍም አይነካም። ባለ መነጽሩ ተቃውሞውን አልለወጠም። ሲወጣ ግን ዝምታ ጋ ጎንበስ ብሎ፣ "ይሄ ቀለም በምን ይለቃል?" አላት።

"ሳያጥቡት ወተት ውስጥ ያሳድሩት" አለችው። "ሙቅ ውሃ እንዳያስነኩት፣ አደራ።"

ፊልሙ በሚቀጥለው ሰኞ በውድድሩ ትርኢት በከተማው ትልቁ አዳራሽ ታየ። በሕይወት ያሉት አምስቱ የልብስ ማጠቢያ ሴቶች የፊተኛውን ረድፍ ያዙ፤ ጋዜጣ መተላለፊያው ዳር፣ ዝምታ መሀል። ረጅሟ ሴት ጠረጴዛው ላይ ስትወጣ ጋዜጣ ለመላው አዳራሽ በሚሰማ ድምፅ "እዚህ ጋ ውሸት ነው" አለች፤ ሰውም ሳቀ። መብራቱ ሲበራ የነርሷ ልጅ ከመድረኩ ላይ ወደ እነሱ አመለከተች። "ባልዲውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው" አለች። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። የፊተኛው ረድፍ አልተነሳም። አምስቱም እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ አያውቁም ነበር። ዝምታ ግን ብዙ ካመነታች በኋላ ብድግ አለች፤ ወደ ሕዝቡ ዞረች፣ እስኪያበቁ ድረስም ፊቷን ሳትሸፍን ቆመች።

የዳኞቹ ጸሐፊ ዝምታ የሰጠችውን ቃል ለመዝገብ እንዲሆን በወረቀት ላይ አስፍራ አዘጋጅታላት ነበር። ዝምታ በዚያው ሰኞ እስከ አሥር ሰዓት ጸሐፊዋ ቢሮ ድረስ መጥታ እንድትፈርም ተነግሯታል። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ የአምስቱንም ሴቶች የክት ልብስ ስትተኩስ ዋለች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። ጸሐፊዋ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ወረቀቱ አሁንም ሳይፈረም እዚያው ቢሮ ተቀምጧል።