ሰው የዘለለልኝ ዝላይ

ወንድሜን ሦስት ወር አኩርፌው ነበር። አንድ ቤት እየኖርን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል አላናገርኩትም። ምክንያቱን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። «በጌም ምክንያት?» ይሉኛል። አዎ፣ በጌም ምክንያት።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ከአማን ከተማ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ቀኝ ጉልበቴ ተሰበረ። ከዳነ በኋላም እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። እሄዳለሁ፣ ዳገት እወጣለሁ፣ እያነከስኩም ቢሆን የትም እደርሳለሁ። መሮጥና መዝለል ግን ቀረ። የምንኖርባት ሚዛን ደግሞ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ክፍት ነው፤ ሱቅ ለመግባት ወይ ጣውላ የተጋደመበትን ፈልጎ መሻገር ነው፣ ወይ መዝለል። እኔ ጣውላውን ፈልጌ እሻገራለሁ። ትንሽ መዞር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን ቦዩ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ብብቴ ሥር እጁን ይሰድና ከመሬት ያነሳኛል። «አይዞሽ እናቴ» ይለኛል። ማን ጠየቀህ? ጣውላው እኮ እዚያ ነው! አሻግሮኝ ሲያበቃ ቆሞ ምስጋና ይጠብቃል። ለዓመታት ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ» ስል ኖሬአለሁ።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። እኔ በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እተይብ ነበር። አንድ እሑድ ያገለገለ ኮምፒውተር ቤት አመጣና ጌም ጫነበት። «ይሄን ሞክሪው፣ ትወጂዋለሽ» አለኝ።

ጌሙ በተጫዋቹ ዓይን የሚታይ ነው። ሰውየው ከፊት ሲሮጥ አይታይም፤ የሚሮጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ከፊቴ የማላውቀው ትልቅ ከተማ ጣሪያዎች ተዘርግተዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለልኩ መጨረሻ ላይ ካለው ረጅም ሕንፃ መድረስ አለብኝ። ወደ ታች ሳይ እግር የለኝም። ሁለት እጆች አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፣ ትንፋሽና የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ እግር ግን የለም። ስለዚህ የጣሪያው ጠርዝ የት እንደሆነ በዓይን ሳይሆን በሩጫው ምት ነው የሚታወቀው። የመዝለያውን ረጅም ቁልፍ ቀድሜ ከተጫንኩ ከማዶ ሳልደርስ እወድቃለሁ። ከዘገየሁ ደግሞ ከጠርዙ ተራምጄ ገደል እገባለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጣሪያዎች በሦስት ቀን ለመድኳቸው። ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ተነስቶ ያላለቀ ሕንፃ ላይ ማረፍ ነው፤ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ሁለት ሳምንት ወደቅኩ። ከሥራ እመለሳለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ጠረጴዛውን በጡጫ እመታለሁ፣ ኮምፒውተሩን እሰድባለሁ፣ ዓይኔ እንባ ያቀራል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ከባጃጁ ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ አልነበረም። ማንም «ተይው፣ ይጎዳሻል» ያላለኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አረፍኩ። ሰባተኛውን ተሻገርኩ። ጮኼ እናቴን ጠራኋት፤ እጇ ላይ የቆጮ ሊጥ እንዳለ መጥታ «እሰይ ልጄ!» አለችኝ። ወንድሜ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «ጎበዝ» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰባተኛው ላይ አልወደቅኩም። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ እስከ መጨረሻው ሕንፃ። መንገድ ላይ ስሄድ እንኳ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። አብራኝ የምትሠራ የቴፒ ልጅ ነበረች፤ ለእሷ ጉራዬን ነዛሁ። እሷም ቴፒ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቶ በዚሁ ጌም ውድድር እንደሚያደርግ ነገረችኝ። «ነይና አሳዪያቸው፤ እኛ ቤት ታርፊያለሽ» አለችኝ።

ለወንድሜ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አትሂጂ» አለ።

«ለምን?»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ጉልበትሽ ያብጣል።»

«ጉልበቴን እኔ አውቀዋለሁ።»

«የሰው ቤት ኪቦርድ አትለምጂውም፤ ትበሳጫለሽ። ይቅርብሽ።»

ቅናት መሰለኝ። እሱ እንኳ ሞክሮት የማያውቀውን እኔ ስላለፍኩ የከፋው መሰለኝና ውስጤ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። አልተናገረም።

በሸኮ በኩል ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ቴፒ ስደርስ ሙቀቱ ልብሴን ላዬ ላይ አጣብቆታል። ጌም ቤቱ ከዝንጅብል መጋዘኖች ፊት ለፊት ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በወጣት ወንዶች ተሞልቷል። ስገባ አንዱ ተነስቶ ወንበሬ ላይ ትራስ አደረገልኝ። ትራሱን አንስቼ መለስኩለትና ተቀመጥኩ።

ስድስቱን ጣሪያ አለፍኩ። ሰባተኛው ላይ እንደ ልማዴ ከታንከሩ ጥላ ተነስቼ ዘለልኩ። ወደቅኩ። ኪቦርዱ ነው አልኩ። እንደገና ወደቅኩ። የማያውቁኝ ሰዎች ከጀርባዬ ቆመው ያያሉ፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ አንዱ ሳቀ፣ አምስተኛው ላይ ብዙዎቹ ሳቁ። የጋበዘችኝ ጓደኛዬ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ስምንተኛው ሙከራ ላይ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ኧረ ተዉአት! እግሯን አታዩም እንዴ?» አለ። ሳቁ ወዲያው ቆመ። ከሳቁ ይልቅ ይሄ ገደለኝ። እግሬ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ጌሙ ውስጥ እኮ ማንም እግር የለውም!

የቤቱ ባለቤት ዝምተኛ ጎልማሳ ነበር። መጥቶ ጎንበስ አለና «እህቴ፣ ቤትሽ ስትዘይ ከየት ነው የምትነሺው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በጣቴ አሳየሁት። «ከዚህ፣ ከጥላው።»

«ከዚያ ማንም አይደርስም። ቤትሽ ያለው ጌም የዝላይ እገዛው በርቶ እንዳይሆን።»

«ምን እገዛ?»

ሴቲንጉን ከፈተና አሳየኝ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት፤ ምልክት ሲደረግባት ጌሙ የሚዘለውን ሰው አየር ላይ እያለ ወደ ጣሪያው ይስበዋል፤ ቢያጎድልም ያሳርፈዋል። ምልክቱን አደረገና «እስቲ አሁን ሞክሪ» አለኝ። ባልሞክር ይሻለኝ ነበር። ከጥላው ተነሳሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ እንደ ቤቴ ሰባተኛው ላይ ለስለስ ብዬ አረፍኩ። ባለቤቱ ያደረገው ለመርዳት እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ሁሉም አየ።

ጓደኛዬ ቤት ሳላድር ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የቡና ጆንያ እግሬን አጣቦታል፤ ጉልበቴ እንደተባለው አብጧል፤ ይሄም ያናድደኝ ነበር። ሸኮ ስንደርስ ዝናቡ ያዘን። በመስኮቱ እያየሁ እያንዳንዱን ዝላይ ቆጠርኩ። ያኛውን እኔ አልዘለልኩትም። ያኛውንም አልዘለልኩትም። ስምንተኛውም፣ ዘጠነኛውም የእኔ አይደለም። እናቴን በጩኸት የጠራሁበት ቀን፣ ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት ሳምንት ሁሉ የሰው ሥራ ነበር። አንድ ሰው ብብቴ ሥር እጁን ሰዶ አንስቶኛል፤ የአሁኑ ግን እንዳላውቀው አድርጎ ነው።

ቤት ስገባ እራት ላይ ነበሩ። አልተቀመጥኩም።

«አንተ ነህ ያበራኸው?»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። አልካደም። «ስታለቅሺ አይቼ ነው» አለኝ።

«መቼ ነው ያለቀስኩት?»

«በየቀኑ። ጠረጴዛ እየመታሽ። አንጀቴ አልቻለም።»

«ተናድጄ ነበር! መናደድና ማልቀስ አይለይህም? ደስ እያለኝ ነበር እኮ፤ ደስ እያለኝ ነበር የምወድቀው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ደስ የሚለው ሰው እንደዚያ አይሆንም።»

«መጠየቅ ምን ያቅትሃል? አፍ የለህም?»

እናቴ መሀል ገባች። «በቃ ልጄ፣ ለደግ ብሎ ነው። እኔም ነግሮኝ ዝም ያልኩት ለዚሁ ነው። ምን ክፋት አለው ብዬ።»

እሷም ታውቅ ነበር። ሊጥ በእጇ እንዳለ እየሮጠች መጥታ «እሰይ» ስትለኝ ታውቅ ነበር። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም፤ ሳህን መስበሬን ግን አስታውሳለሁ። እናቴ ስትናደድ በቤንችኛ ነው የምትናገረው፤ የዚያን ቀን በቤንችኛ ብዙ ተናገረች። እኔም በዚያው መለስኩላት። ወንድሜ አቀርቅሮ ስባሪውን ለቀመ። እናቴን በሳምንቱ አናገርኳት። እሱን አላናገርኩትም።

ምልክቱን አጠፋሁት፤ ኮምፒውተሩ ላይም እኔ ብቻ የማውቀው የይለፍ ቃል አደረግኩበት። ከዚያ እንደገና መውደቅ ጀመርኩ። የለመድኩት ሁሉ ስህተት ስለነበር ከጀማሪ የባሰ ነበር፤ ጣቴ ከታንከሩ ጥላ ጋ ሲደርስ ራሱ ይጫናል። ጣቴን ማስለቀቅ ብቻ ወር ፈጀብኝ። ፍጥነቱ እስኪሞላ ከኋላ መነሳት፣ ኮቴውን መቁጠር፣ ጠርዙ ከዓይኔ ሥር ከጠፋ በኋላ ጥቂት መታገስ። ሁለተኛው ወር አልቆ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አረፍኩ። ማንንም አልጠራሁም። ሴቲንጉን ከፍቼ ሳጥኗ ባዶ መሆኗን ሁለቴ አየሁና ወደ ሥራ ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን ጌም የሚሠሩ ሰዎች የጻፉትን ስልኬ ላይ አነበብኩ። እገዛው ቢጠፋም እንኳ ብዙ ጌሞች ለማንም ተጫዋች ትንሽ ያስተርፋሉ አሉ። ተጫዋቹ ከጠርዙ ከወጣ በኋላም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ለሚሆን ጊዜ መዝለያው ይሠራል፤ ያለዚያ ሰው ሁሉ ተበሳጭቶ ይተወዋል። ሳነብ ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። እነዚያ ቴፒ የሳቁብኝ ሁሉ ይታገዙ ነበራ! ማንም ትራስ አላቀረበላቸውም፣ ማንም እግራቸውን አላየም፤ ግን ይታገዙ ነበር።

ወንድሜን ያናገርኩት ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ወር። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አገኘሁት።

«ለሁሉም የሚሰጠውን እኔም እወስዳለሁ» አልኩት። «ስፈልግም አፍ አውጥቼ እጠይቃለሁ። ለእኔ ብቻ በድብቅ የምትሰጠኝን ግን ሁለተኛ እንዳላይ።»

ስለ ምን እንደማወራ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ «እሺ» አለ። «አጥፍቻለሁ።» ይቅርታ ነበር መሰለኝ። አቅፎኝ ሊያለቅስ ሲል ገፋሁት፤ ለማልቀስ ተራው የእሱ አልነበረም።

ቴፒ ድጋሚ ሄድኩ። አሁን ውድድርም ምንም የለም፣ ተራ ረቡዕ ነው፤ አራት ልጆች ጥግ ላይ የኳስ ጌም ይጫወታሉ፣ ቀና ብሎ ያየኝም የለም። ባለቤቱ አስታወሰኝ። ሁለቴ ወደቅኩ፣ በሦስተኛው ሰባተኛው ላይ አረፍኩ።

«እየው፣ ጠፍቷል አይደል?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ሴቲንጉን አየ። «ጠፍቷል» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የሳቁብኝ ሰዎች አንዳቸውም አልነበሩም። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ባለፈው ወር ወንድሜ ራሱ ሊሞክረው ተቀመጠ። ያለ እገዛ። ሰባተኛው ላይ ወደቀ፣ ወደቀ፣ ወደቀ። አጠገቡ ሆኜ ሳይ ስህተቱ ወዲያው ታየኝ፤ በጣም ቀድሞ ይጫናል። እጄ ሳላስበው እገዛውን ሊያበራለት ወደ ማውሱ ሄደ። ያዝኩት። ስንት ጊዜ እንደዚህ ተቀምጦ ሲያየኝ ምን ተሰምቶት እንደነበር ትንሽ ገባኝ፤ ይቅር ግን አላስባለኝም። እኔ እጄን ይዣለሁ፤ እሱም መያዝ ይችል ነበር።

«የት ላይ ነው የምጫነው?» አለኝ በመጨረሻ፣ ላቡን እየጠረገ።

ጠየቀኝ። ስለዚህ ነገርኩት።