የፊት ጎማዎቹን ምን በላቸው?

ሀብቴ ሾፌር ነው፤ ያውም ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ደህና ስም ያለው ሾፌር። በ1962 ዓ.ም. ግን በሁለት ወር ውስጥ፣ ሁለት ሁለት እየቀየረ፣ አራት ጎማ ሙልጭ ብሎ ሊሾ ሆነበት። የኋላዎቹ ደህና ሆነው የፊቶቹ ብቻ! ይኼ እንኳን ሾፌርን መነኩሴንም ያናድዳል።

የመኪናው ባለቤት ራሺድ የእህል ነጋዴ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ባይ። «አዲሱን ጎማ እየሸጥህ አሮጌ ትገጥምብኛለህ» አለው ፊት ለፊት። «እስከ መጪው አርብ ምክንያቱን ታመጣለህ፤ አለዚያ ወላሂ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ።» ሀብቴ አንጀቱ አረረ። አሥር ዓመት ሙሉ ከጭነት ላይ አንድ ቁና ገብስ ያልነካ ሰው ሌባ ይባል?

ድንጋዩን ረገመ፤ ድንጋዩ ግን ዱሮም ነበረ። ጭነት ቀነሰ፣ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ምንም ለውጥ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት። ሐሙስ ዕለት መንገድ ዳር ካለው ከአባቱ ከአቶ ጥጋቡ ደጅ መኪናውን አቁሞ፣ እየተነጫነጨ ጎማውን በመዳፉ ዳበሰ። የተበላው የውስጥ የውስጡ ጠርዝ ብቻ ነው። ድንጋይ መርጦ ይበላል እንዴ? ሲባጎ አመጣና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት መጀመሪያ በፊት በኩል፣ ቀጥሎ በኋላ በኩል ለካ። የፊቱ በሁለት ጣት በለጠ። ጎማዎቹ እንደ ተኳረፈ ባልና ሚስት አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ እያየ ነበር የሚሄዱት! ከሥር ገብቶ ቢያይ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግ ወደ ፊት ጎብጧል።

ወዲያው ትዝ አለው። በመጋቢት ዝናብ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ፣ አባቱ በሬዎቻቸውን ይዘው ደርሰው ነበር። ከመኪናው ሥር አጎንብሰው «ቀንበሩ ይኸውና!» ብለው መጫኛቸውን አሠሩ። ሀብቴ መሪውን እንደያዘ ነበር፤ የትኛውን ብረት ቀንበር እንዳሉት ወርዶ አላየም። መኪናው ወጣ፣ መንደሩ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ለአቶ ጥጋቡ፣ መኪና የጎተቱ በሬዎች ባለቤት ናቸውና፣ ለቅሶ ቤት እንኳ የክብር ቦታ ይለቀቅላቸዋል።

«አገኘኸው?» አሉት አባቱ ከደጃፉ ቆመው።

«አገኘሁት አባዬ። ብረቱ አርጅቶ ነው።»

በማግሥቱ አርብ ገበያ ላይ ራሺድን ከመኪናው ሥር አስገብቶ ዘንጉን አሳየው። የራሺድ ፊት ፈታ አለ፤ ግን ጉብጠቱ ላይ የገመድ ፍትጊያ ምልክት አየ።

«ማን ነው እዚህ ላይ ገመድ ያሠረ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ጭቃ ሲይዘኝ ራሴ አሠርሁት።»

ገብሳቸውን ሊሸጡ የመጡት አቶ ጥጋቡ ለካስ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «እሱ? ምን ሲደረግ! እኔ ነኝ በገዛ እጄ ያሠርሁት፣ አገር ምስክሬ ነው! የጎተቱትም በሬዎቼ ቦራ እና ዳማ ናቸው!»

ራሺድ ሀብቴን ወደ ጎን ሳበው። «ዘንጉስ እሺ። ስለ ገመድ ዓይኔን እያየህ የዋሸኸኝ፣ ስለ ሌላው ስንቴ ዋሽተኸኝ ይሆን?» አለና ቁልፉን ተቀበለው። ሀብቴ እውነቱን ይናገር ቢል ሽማግሌው እዚያው ቆመዋል፣ ሰው ከቧቸው ያወራሉ።

ከገበያ ሲወጡ አባቱ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ምን አለህ ሰውዬው? አመሰገነ?»

«አዎ አባዬ» አለ ሀብቴ፣ ከጎናቸው በእግሩ እየሄደ። «በሬዎቹን በጣም አመሰገነ።»