ሾፌሯ ኢሽቤል ለምክር ቤት ስትወዳደር

ኢሽቤል ገን ከመንደራችን ከፖርት ስኬሊ ተነስታ እስከ ወረዳው ከተማ የምትደርሰውን ትንሽ አውቶቡስ ሃያ አራት ዓመት ነድታለች። እኔም ከተማ ፖስታ ቤት ስለምሠራ በየቀኑ ተሳፋሪዋ ነበርኩ።

ምርጫ በነበረበት ዓመት በብርዱ ወራት የወረዳው ምክር ቤት የኮረብታውን ፌርማታ «ሰው አይጠቀምበትም» ብሎ ዘጋው። እዚያ የሚኖሩት የሰማንያ ሦስት ዓመቷ ወይዘሮ ሮና ቁልቁለቱን በእግራቸው መውረድ ግድ ሆነባቸው። ኢሽቤል ተናደደች፤ መሪውን እየመታች መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ ወይዘሮ ሮና አንድ ቀን ከኋላ ጮኹባት።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ምን እናድርግልሽ? ሄደሽ እዚያው ምክር ቤት ተነጫነጪ!»

ተሳፋሪው አጨበጨበ። ኢሽቤል ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ በማግስቱ ግን ወይዘሮ ሮና የዕጩነት ቅጽ ይዘውላት መጡ።

ለሦስት ወንበር አምስት ሰው ተወዳደረ። ከሁሉም የሚፈራው በግ አርቢው ሄክተር ነበር፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጧል። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው መኪናው ዝናብ መሀል ቆመችበትና እጁን ዘርግቶ አውቶቡስ አስቆመ። በሩ ሲከፈት ኢሽቤልን አየ።

«አልፈሽኝ የምትሄጂ መስሎኝ ነበር» አለ ውሃው እየተንጠባጠበ።

«እኔ እንደ እናንተ ፌርማታ አልዘጋም። ግባ።»

ወይዘሮ ሮና ከጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ። «ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ። ቁልቁለቱ የጎዳውን ጉልበቴን ላሳይህ።»

ጥያቄው ከየወንበሩ ወረደበት። ኢሽቤል ደግሞ ያን ቀን እንደ ቀንድ አውጣ ነዳች። ሄክተር ከተማ ሲደርስ «እሺ፣ ተሳስተናል!» ብሎ ነው የወረደው።

ድምፁ ዓርብ ጠዋት በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተቆጠረ። እኛ ዘንድ መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በቁጥር ያስቀምጣል፤ አንዱ ከሚበቃው በላይ ካገኘ ትርፉ ሁለተኛ ለተባለው ይተላለፋል። ሄክተር ወዲያው አለፈ። ኢሽቤል አራተኛ ላይ ቀረች። ይሄኔ ዓሣ አጥማጁ ባሏ ዱጋልድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢሽቤል፣ እንዳትቆጪኝ። እኔ አንደኛ ያልኩት ሄክተርን ነው።»

«ምን አልክ?»

«ጀልባዬ የሰመጠች ጊዜ ከባሕር ያወጣኝ እሱ ነው፤ ቃል ገብቼለት ነበር። አንቺን ሁለተኛ አድርጌሻለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ሾርባ ሠርቼልህ? ሁለተኛ?»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ተናግራ ሳትጨርስ የሄክተር ትርፍ ድምፅ መተላለፉ ተነገረ፤ ኢሽቤል በአሥራ አንድ ድምፅ በልጣ ሦስተኛውን ወንበር ያዘች።

ዱጋልድ ደረቱን ነፋ። «አየሽ? እኔ ነኝ ያስመረጥኩሽ!»

በሻርፗ መታችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ምክር ቤቱ ፊት ስለ ፌርማታው የመጀመሪያ ንግግሯን ስታደርግ ሄክተር ውሃ ቀዳላት፤ ድምፅ ሲሰጥም እጁን አወጣላት። ፌርማታው በሰኔ ተከፈተ። አሁን ስብሰባ በሌለባት ቀን ትነዳለች፤ ተሳፋሪው የመንገድ መብራቱንም፣ የቆሻሻውንም፣ የጉድጓዱንም አቤቱታ ከየወንበሩ ሲያዘንብባት አንዳንዴ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች።