ሻንጣው ውስጥ የተተወ ቦታ

አውሮፓ ሄዶ ሊያርፍ ልብሱን የሚሸክፍ ሰው ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ ያን ቀን ሻንጣው ላይ ተጎንብሼ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር።

ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ልብስ አጣቢና ተኳሽ ነበርኩ። ከድርቁ በኋላ በመጣው ዓመት ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተመረጥኩ። ሽልማቱ በግንቦት ቡልጋሪያ ሄዶ ባሕር ዳር ማረፍ ነው። ማን ዕረፍት እንደጠየቀ እንጃ! ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያለች ነበር የምትኖረው። እሷን ትቼ የትም መሄድ አልፈለግሁም። ይህንኑ ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ብነግረው «አብዮቱ ሲሸልምሽ አልቀበልም ልትይ ነው?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፈገግታ ከቁጣ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ምን ይለበሳል? የፈረንጅን ልብስ እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። የቱ በሙቅ ውኃ እንደሚኮማተር፣ የቱ ቀለሙን እንደሚለቅ፣ የቱ ካውያ እንደማይወድ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ግን የራሴ የምለው አንድም የለኝም። ሊቀመንበሩ ደግሞ የዋና ልብስ እንዳትረሺ ብሎኛል። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች።

«ራቁትሽን ባሕር ልትገቢ? ሰው እያየሽ?»

«ልብስ አለው እማዬ» ብዬ የሆቴል እንግዳ ረስታው የሄደችውን የዋና ልብስ አሳየኋት።

«ልብስ ካለውማ ሙታንቲ የሚመስለውን ለምን ታሳዪኛለሽ?»

በዚያ ሰሞን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ግንቦት እኛ ዘንድ ድንጋዩ የሚግልበት ወር ነው። ስለዚያ አገር ግን አንዱ ይሞቃል ይላል፣ ሌላው ገና ብርዱ አልወጣም ይላል። ጎረቤቶቻችን ልጅ እንደሚድሩ ሁሉ ተረባረቡ። አንዷ ኮት አዋሰችኝ፣ ሌላዋ ጫማ። የክርስትና እናቴ ጋቢያቸውን ሊሰጡኝ ቃል ገብተው ነበር፤ ብቻ በመሀሉ ስለት አለብኝ ብለው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዱ። የወንድሜ ሚስትም በዚያው አካባቢ ወላጆቿ ዘንድ ስለነበረች፣ ሰላም በሉልኝ ብዬ ሸኘኋቸው።

የመጡት በመሄጃዬ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰሉ እስኪቀጣጠል ካውያውን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። የክርስትና እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆም አሉ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ እንደ ለቀስተኛ አንገታቸው ላይ ነው። ግራ ቀኝ አዩና ነጠላውን አውልቀው ገልብጠው እንደ ደህና ቀን አጣፉት። ፊታቸውንም በጫፉ ጠራረጉና «ቤቶች!» ብለው ገቡ።

በአገራችን መንገደኛ መርዶ አይረዳም። መንገድ የተነሣ ሰው የቅርብ ዘመዱ ቢሞትበት እንኳ ደርሶ እስኪመለስ ሁሉም አፉን ይዘጋል። እኔም ከዚህ በፊት ለሌሎች መንገደኞች አፌን ዘግቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። የሄዱት ለስለት አልነበረም። ለለቅሶ ነበር።

ከሰል ላምጣ ብዬ እሳቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«እማማ፣ አፈር ስሆን ይንገሩኝ። እሱ ነው?»

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«እሱ ነው ልጄ። አብሮት የነበረ የዚያው አገር ልጅ ቆስሎ፣ ጠፍቶ መጥቶ ለሚስቱ ነገራት። በእጁ ነው የቀበረው። እኛም ቤት ዘግተን አልቅሰን መጣን።»

«እንግዲያው አልሄድም። ለእናቴ ዛሬውኑ ይነገራት፤ እኔም ይዣት ልቀመጥ።»

«ለምን ቀረሽ ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው? ማን ነገረሽ አይሉሽም? ያንን ቁስለኛ ከተደበቀበት ጎትተው ያወጡታል። ሂጂ ልጄ። ለእናትሽ ትንፍሽ አንልም፤ የምትረዳው አንቺ ስትመለሺ፣ አንቺ ባለሽበት ነው። አሁን ዐይንሽን ጥረጊ፣ ታይሻለች።»

ብሄድ እናቴን ጥዬ መሄዴ ነው፤ ብቀር የሰው ልጅ ማስበላቴ። እግዚአብሔርንም፣ መንግሥትንም፣ ኮከብ ያሉኝንም በልቤ ረገምኩ። ቤተ ክርስቲያን በሞላበት አገር ገብቼ የምጮኽበት አንድ ጥግ እንኳ አጣሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ሻንጣው ተመለስኩ። ቀሚሱን አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አጠፍኩ።

እናቴ የመጣውን ጋቢ ተቀብላ እየሳመች ገባችና ሻንጣውን ስታይ ደነገጠች።

«ኧረ ምነው እንዲህ ጠቀጠቅሽው! ለወንድምሽ ሹራብ የምታመጪበት ቦታ ተይለት እንጂ። ያሉበት ተራራ ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ። ደግሞ ጥቁር እንዳትገዢለት፣ ሟርት ነው።»

የክርስትና እናቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እሺ እማዬ» አልኩ። ጋቢውን አስቀረሁና ባዶውን ቦታ አሳየኋት። «ይህን ያህል ይበቃዋል?»

«ሰፋ አድርጊው። ወፍራም ነው የምትገዢለት።»

ኮቱንም አወጣሁ። እናቴ ቦታውን በመዳፏ ለክታ ረክታ ወጣች። እኔ ሻንጣውን ከድኜ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ቡልጋሪያ በረደኝ። ሌሎቹ ፀሐይ ወጣ ብለው ውኃ ውስጥ ሲንቦራጨቁ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ አሸዋው ላይ እቀመጥ ነበር። ምነው ሲሉኝ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። ውሸትም አልነበረም። ሹራቡን የገዛሁት ከአንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ሻጯ ልኩን በእጇ ምልክት ስትጠይቀኝ፣ የወንድሜን ቁመት የሚያህል አንድ ጎረምሳ በዚያ ሲያልፍ አይቼ ጠቆምኳት። ልጁ ሳቀልኝ። አረንጓዴውን መርጬ ሳልታይ ለመውጣት ቸኮልኩ።

የተመለስኩ ለታ እናቴ ሹራቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስትዳብሰው አመሸች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የክርስትና እናቴ በሩን አንኳኩ። እናቴ «መጣ?» ብላ ብድግ አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ወገቧን ያዝኩ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ወጥቶ ለቅሶው መሀል ይዘረጋል፤ ወዳጅ ዘመድ እያነሣው ያለቅስበታል። የወንድሜን ልብስ ግን በድርቁ ጊዜ አንድ ሳናስቀር በእህል ለውጠን በልተነዋል። ስለዚህ የወጣው አረንጓዴው ሹራብ ነበር። ለቀስተኛው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ፣ እያነሣ እያሳየ «ጎበዙ፣ ይህ አይደል ያማረብህ!» እያለ ጮኸ። እኔም ያን ሁሉ ቀን የዋጥኩትን አወጣሁት፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። በመጨረሻ እናቴ ሹራቡን ተቀበለችና ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። አገላብጣ ደግማ አሸተተችው። የሱቅ ሽታ ብቻ ነበረው።