ወደ ደቡብ የወጠርኩት ሽቦ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሬዲዮ አልነካሁም። የአንድ እርዳታ ድርጅት የሆሳዕና ሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊ አቶ ሽፈራው አንድ ጥቅል ሽቦና ገመድ አሸከሙኝና «ዴታሞ፣ ባሕር ዛፉ ላይ ውጣ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለሬዲዮ ኦፕሬተርነት ብዬ አዲስ ኮት ለብሼ መጥቻለሁ! ወጣሁ። ሽቦውን ጥርቅም አድርጌ ወጥሬ ስወርድ ቀና ብለው አዩና «ነፋስ ሲመጣ ዛፉ አይወዛወዝም? በጥሶ ይጥልልሃል። ላላ አድርገው» አሉኝ። እንደገና ወጣሁ። ኮቴ የተቀደደው በሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚያው የእርዳታ ድርጅት የመገናኛ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት ዱራሜን፣ ዶዮገናን፣ ሙዱላን በየተራ እጠራለሁ። መድኃኒት፣ ዘር፣ የመኪና ስምሪት እንቀባበላለን። የዶዮገናው ኦፕሬተር ስለ ብርዱ ሳያማርር መልእክት አይጨርስም። ብዙዎቹን በመልክ አላውቃቸውም፤ ሳላቸውን ግን ለይቼ አውቅ ነበር። ሞባይል ሲመጣ ጣቢያው ተዘጋ። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

በዓመቱ ባለቤቴ ሞተች። አንድ ልጄ ብርሃኑ እንደ ሰፈሩ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ሱቅ ይሠራል። ስደውልለት «አባዬ፣ ሰው ቆሞብኛል፣ መልሼ እደውላለሁ» ይለኛል። አይደውልም። አልፈርድበትም፣ ግን ከፋኝ። ቤቱ ጭር አለ። ጡረታ ስወጣ ድምፅ ሰልችቶኝ ነበር፤ ዝምታ እንዲህ ይጎዳኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

እናም በግል ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር የሚያስችለውን የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ለማውጣት አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ፈቃዱ ሲሰጠኝ አስተላላፊውን ከአሮጌ ዕቃ ራሴ ገጣጠምኩት፤ ቀላሉን አሠራር፣ ኤኤምን መረጥኩ። አንቴናው ከመሃል የተከፈለ የአሥር ሜትር ሽቦ ነው፣ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሜትር። ጫፎቹ ቀርከሃውን እንዳይነኩ በፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ለይቼ፣ መሃሉን ከዲሽ ኬብል ጋር በስታኞ በይጄ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ዳርና ዳር በተከልኳቸው ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች ላይ ሰቀልኩት። በዚህ ጊዜ ላላ አድርጌ ነው።

እንዲህ ያለ ሽቦ አብዝቶ የሚልከው ወደ ጎኑ እንጂ ወደ ጫፎቹ አይደለም። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘረጋሁት፤ ጎኑ ደቡብን አየ። ልጄ ሬዲዮ እንደሌለው አውቃለሁ። ግን ከዚያ አካባቢ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቢመልስልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ «የሚሰማኝ አለ ወይ? ከሆሳዕና ነው» እላለሁ። ወደ መቀበያው ቀይሬ አዳምጣለሁ። ጩኸት ብቻ። ወራት አለፉ። የሚሰማ ከሌለ ብዬ ወሬ ጨመርኩበት፦ ጉልበቴን አመመኝ፣ ዛሬ ዘነበ፣ ሽሮ አረረብኝ። እሁድ አልጠራም ነበር። አንድ እሁድ ግን ብቸኝነቱ ጠናብኝና ማይኩን አነሳሁ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ከጓሮዬ በታች ያለው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጳውሎስ፣ በሩን አንኳኳ። ስፒከርና ሚክሰሩን የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

«ጋሽ ዴታሞ፣ ሽሮው አሁንም ያርራል?» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ፓስተሩ በሀዲይኛ እየጸለዩ ሳለ፣ እርስዎ በስፒከሩ በአማርኛ ገቡ። ‹የሚሰማኝ አለ ወይ› ሲሉ ሕዝቡ አሜን አለ። መልአክ የመሰላቸውም ነበሩ፣ ሽሮው እስኪመጣ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! የሠላሳ ሰው ሳል ለይቼ የማውቅ ባለሙያ፣ የጎረቤቴን ስፒከር ረሳሁት። ጳውሎስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አንቴናው ይውረድ አላልንም። ግን እስከሚቀጥለው እሁድ አንድ ነገር ያድርጉ» አለኝ።

አብሬው ሄጄ አየሁ። የስፒከሩ ሽቦ በግድግዳው ላይ ረጅም ተዘርግቷል፣ ከእኔው ሽቦ ጎን ለጎን፣ በዚያው አቅጣጫ። እንደ አንቴና ሆኖ ድምፄን የሚቀበለው እሱ ነው፤ ኤኤም ደግሞ እንዲህ ያለ ስፒከር ውስጥ በቀላሉ ይገባል። የስፒከሩን ሽቦ ሞገድ በሚያፍን የፌራይት ቀለበት ላይ ጠመጠምኩት፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረው መፍትሔ አንድ ነበር፦ የእኔን አንቴና ማዞር። ሲዞር ደግሞ ጫፉ እንጂ ጎኑ ወደ ደቡብ አይሆንም።

ሁለት ቀን እጄ እምቢ አለኝ። የማይደውል ልጅ፣ የማይመልስ አገር፣ ግን ፊቴን አላዞርኩባቸውም ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀርከሃዎቹን ነቅዬ ሽቦውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘረጋሁት። እኔ በማይኩ ስጣራ ጳውሎስ ስፒከሩ ሥር ቆሞ በስልክ «ጠፋ! ጨርሶ ጠፋ!» አለ፣ በደስታ። እኔ ማይኩን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱም አልጠራሁም፣ ከዚያም በኋላ።

አርብ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑን የምታጸዳው አበበች መጣች። እንደ እኔው ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ በመንገድ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር አንተዋወቅም።

«አለህ እንዴ?» አለች ከደጅ። «ድምፅህ ሲጠፋ ታመመ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አስተካክዬው ነው። ከእንግዲህ አልረብሻችሁም።»

«ማን ረበሸኝ አለህ? ወለሉን ስወለውል ስፒከሩን ከፍቼ መዝሙር እሰማለሁ። አራት ሰዓት ላይ አንተ ትገባለህ። ‹የሚሰማኝ አለ ወይ› ስትል፣ መወልወያዬን ይዤ ‹አለሁ› እልሃለሁ። ስንት ወር ሙሉ አልኩህ! አንተ እቴ፣ ነገም መጥተህ ያንኑ ትጠይቃለህ።»

«እንደማልሰማሽ አታውቂም?»

«መች አጣሁት! ታዲያ ሰው ሲጣራ ዝም ይባላል?»

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም። ግቢ አልኳት፣ ገባች።

በሙያችን እያንዳንዱ ጥሪ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መልስ ካልመጣ «መልስ የለም» ብለን እንጽፋለን፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ጻፍኩ። ስህተት ነው። ኦፕሬተር የሚያውቀው የሰማውን ብቻ ነው። «መልስ አልሰማሁም» ብላችሁ ጻፉ።