ግማሽ ሹሩባ

በ1928 መስከረም አራዳ ውስጥ የጦር አዋቂ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ጨው ሻጩ እንኳ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምቡን የት የት እንደሚጥል ያውቃል። ባሌ ዘገዬ ደግሞ ወደ ቡልጋ እንሽሽ እያለ ጠዋት በቅሎዋን ይጭናል፣ ማታ ያራግፋል። ከሁለቱ የተረጋጋችው በቅሎዋ ነበረች።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአፈራሁ ግን እንደ ወትሮው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሹሩባ ይሠራሉ። ለፀጉር ጥሩ ጊዜ መርጠዋል እያልኩ አሽሟጥጣቸው ነበር። ቢሆንም ቡልጋ ተንጨባርሬ አልገባም ብዬ ሄድኩላቸው። የፀጉሬን ግራ ጎን ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡ።

"ቀኙስ?" አልኳቸው።

"ሐሙስ ነይ።"

"እስከ ሐሙስ ማን አለ፣ እትዬ?"

"እንግዲያው እንዲሁ ሽሺ።"

በግማሽ ሹሩባ ቡልጋ ያሉት አማቶቼ ፊት ልቆም? ዘገዬ እያጉረመረመ ጭነቱን አራገፈ። ሐሙስ ስሄድ ቀኙን ሠሩልኝና "ግራው ላልቷል" ብለው ፈቱት። ቅዳሜ ነይ አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ተራ የሚጠብቁት የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ እንደ እኔው ግማሽ ናቸው። ስንት ጀግና ባል በሚስቱ ፀጉር ታስሮ ከተማ እንደቀረ ያን ጊዜ ገባኝ።

"እርስዎስ መሸሽ አያምርዎትም?" አልኳቸው በሽሙጥ።

ሻሻቸውን ፈቱት። የራሳቸውም ፀጉር በአንድ ጎን ብቻ ተሠርቷል።

"ይህንንስ ማን ይጨርስልዎታል?"

"አንቺ፣" አሉኝ፣ "ቅዳሜ ስትመጪ።"