ለሽያጭ የቀረበ ቤት ለመቅረጽ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደሴ መናኸሪያ

ደሴ ገና ከጭጋጓ አልወጣችም። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም የመንገድ መብራቶቹን ውጧቸዋል፤ ባጃጆቹ ከፊታቸው ጥቂት ሜትር ብቻ እያበሩ በዝግታ ያልፋሉ። ሠርግ ቀራጭ ከሆነው ወንድሜ የተዋስኩትን ካሜራ በትከሻዬ አንግቼ፣ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ በብብቴ ሸጉጬ ዘይነብን እጠብቃለሁ። ዘይነብ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷ ባዮሎጂ፣ እኔ ፊዚክስ እናስተምራለን። ዛሬ የምንሄደው ኮምቦልቻ ያለውን የወላጆቿን ቤት በቪዲዮ ቀርጸን ለመመለስ ነው።

ጉዳዩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። የዘይነብን እናት፣ ወይዘሮ ፋጡማን፣ አምና ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ደከመ። በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ ሆስፒታል እየመጡ ፊዚዮቴራፒ ይሠራሉ። ችግሩ መሀል ላይ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። መንገዱ ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፤ ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ቀጠሮ አመለጣቸው። ሕክምናው እንዲህ ከተቆራረጠ ደግሞ እግራቸው ወደ ቦታው እንደማይመለስ ባለሙያው በግልጽ ነግሯቸዋል። ስለዚህ የኮምቦልቻው ቤት ተሽጦ ደሴ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ መግባት አለባቸው።

ሊገዛ የሚችል ሰው ተገኝቷል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ሆኖ ጅዳ የሚኖር ነጋዴ። መምጣት ስለማይችል የሚመርጠው በቪዲዮ ነው። ቪዲዮዎቹን የሚወስዱለት ደሴ ፒያሳ ሱቅ ያላቸው ዘመዱ አቶ ሰይድ ነገ ጠዋት ወደ ጅዳ ጉዞ ይጀምራሉ። ዛሬ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቃቸውን ከመዝጋታቸው በፊት ሚሞሪ ካርዱን ካላስረከብናቸው የዘይነብ ወላጆች ቤት ከምርጫው ውጪ ነው።

ዘይነብ ሁለት ሎሚ ይዛ ደረሰች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ሐረጎን እያሸተትሽው እለፊ» አለችኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ከ40፣ ሐረጎ

ሚኒባሱ ሞልቷል። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ እኛ አየ።

«እህቴ፣ ያንን ብረት እግርሽ ሥር አድርጊው። መትረየስ ነው እንዴ?»

«የካሜራ መቆሚያ ነው።»

«ሠርግ አለ በይኛ።»

«ሠርግ አይደለም፤ ቤት ነው የምንቀርጸው።»

«ለማን ልትድሩት ነው?» አለ፤ የኋላ ወንበሮቹ ሳቁ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ ባሕር ዛፍ፤ ከዚያ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ ባሕር ዛፍ። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና እያቃሰተ ይወርዳል። ዘይነብ ሎሚዋን ከአፍንጫዋ ሳታነሳ፣ «እማዬ እዚችጋ ስትደርስ ነው የሚብስባት» አለች። 

እኔን ግን አንድ ነገር አስገረመኝ፤ ሎሚውን አልፈለግሁትም። ሜዳ ላይ ስንደርስ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«እንዴት ብትነዳ ነው ያላዞረኝ?»

«ኩርባው ውስጥ ሳልገባ መውጫውን አያለሁ። ከገባሁ በኋላ አላመነታም። ሰው የሚያስመልሰው የሚያመነታ ሾፌር ነው።»

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባለፈው የአንዲት ጎረቤቴን ቤት ቀርጬ ነበር። ካሜራውን ከግድግዳ ወደ ኮርኒስ፣ ከኮርኒስ ወደ ወለል፣ ከወለል ተመልሼ ወደ መስኮት አዞርኩት። ያዩት ሰዎች ራሳቸውን ይዘው ተነሡ። ለካ ካሜራዬ የሚያመነታ ሾፌር ነበር! ካሜራ ከመንቀሳቀሱ በፊት የት እንደሚያርፍ መታወቅ አለበት። ሲጀምር ለአምስት ሰከንድ ያህል ይቆማል፣ በዝግታ ይሄዳል፣ መድረሻው ላይ እንደገና አምስት ሰከንድ ያርፋል። ተመልካቹ የት እንደነበረና የት እንደደረሰ ያውቃል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ኮምቦልቻ

ሹራባችንን አወለቅን። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት መውረድ ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሌላ ክፍል የመግባት ያህል ነው። ዋናው መንገድ ላይ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርዱ ተሳቢዎች ተሰልፈዋል። ፋብሪካ ገቢዎች በሰርቪስ ያልፋሉ። ሁለት ፉል በዳቦና በቃሪያ፣ ሁለት ሻይ፤ ለሁለታችን ሠላሳ ስድስት ብር። ከአጠገባችን ሁለት ደላሎች ጮክ ብለው ያወራሉ፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሠራ ነው፣ ባቡር ሊመጣ ነው፣ ቤት ያለው ሰው እንዳይቸኩል።

«መቸኮል ያለበት ሰውስ?» አለች ዘይነብ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ፣ የሐጂ ይማም ቤት

ቤቱ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ሰፊ በረንዳና ግቢው መሀል አንድ የዘይቱን ዛፍ አለው። ከኋላው ተዳፋት ነው። የዘይነብ አባት ሐጂ ይማም ከፋብሪካ በመካኒክነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቤቱን ክፍል በክፍል የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ግቡ፣ ግቡ። ቀራጯ አንቺ ነሽ ልጄ? እኔ ወንድ መስሎኝ ነበር።»

«ወንድሜም ይቀርጻል፣ ሐጂ። እሱ ሙሽራ ነው የሚቀርጸው።»

በእኛ ከተማ ቪዲዮ ማለት ሠርግ መሆኑን የተረዳሁት ሳሎን ስገባ ነው። ወይዘሮ ፋጡማ በአዲስ ሻርፕ አጊጠው፣ ደካማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ በጥልፍ ቀሚስ፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ከቡፌው አጠገብ ቆመዋል። ለሙከራ ካሜራውን ከፍቼ ሳሎኑን ቀረጽሁ። ወደ መኝታ ቤት ስገባ እትዬ አስካለ በጓሮ በር ዞረው ቀድመውኛል፤ አልጋው አጠገብ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ሁለተኛው መኝታ ቤት ስደርስ እዚያም አሉ፣ ትንሽ እያለከለኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ቤቱ ብቻውን ቢታይ ይሻላል» አልኳቸው።

«ባዶ ቤት ማን ይገዛል ልጄ? ሰው የሌለበት ቤት ጂን ያለበት ነው የሚመስለው።»

«ሽቶውንስ ለምን ተቀቡት?» አለች ዘይነብ።

«ጅዳ ድረስ እንዳልሸት ነዋ።»

ወይዘሮ ፋጡማ ቀኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እስኪያነቡ ሳቁ።

ተስማማን። እትዬ አስካለ ዘይቱኑ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ግቢው ምን ያህል እንደሚሰፋ በእሳቸው ይለካል። ይህን ያልኩት ላስደስታቸው ብቻ አይደለም። ሰው ወይም ወንበር የሌለበት ግቢ በምስል ላይ መጠኑ አይታወቅም።

ከዚያ ዋናው ሥራ። የአካባቢው መብራት ጠፍቷል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አምፖል ግድግዳውን ቢጫ ያደርገዋል። መጋረጃዎቹን ገለጥን። መስኮቱ ከፊቴ ሲሆን ክፍሉ ይጨልማል፣ ከጎኔ ሲሆን ግን ብርሃኑ ምንጣፉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መስኮቱን በጎኔ አደረግሁት። ግድግዳው መሀል መቆም ትቼ ጥግ ገባሁ፤ ከጥግ ሲታይ ሁለት ግድግዳና ወለሉ አንድ ላይ ይታያሉ፣ ክፍሉም በልኩ ይታወቃል። ካሜራውን በደረቴ ቁመት ያዝኩ። ከፍ ካለ ዕቃው ያንሳል፣ ዝቅ ካለ ኮርኒሱ ይጫናል። የቡፌው መስታወት ውስጥ ራሴን ካሜራ ይዤ ቆሜ ስላየሁት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሸሸሁ።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነበርና በባዶ እግሬ ምንጣፉ ላይ ስሄድ ምስሉ አልተናወጠም። ከበረንዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ኮሪደር፣ ከኮሪደር መኝታ ቤት፣ ሳልቆርጥ ገባሁ። ገዢው ከየትኛው በር ወደ የትኛው እንደሚገባ እንዲያውቅ ነው።

«ሙሉ ብርጭቆ ሻይ የያዘች ትመስላለች» አሉ ሐጂ።

«እንደዚያ እያሰብኩ ነው የምራመደው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል

ቀረጻው አለቀ። በትንሿ የካሜራ ስክሪን ለቤተሰቡ አሳየሁ። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ሲያዩ «ወፍሬአለሁ» አሉ። ወይዘሮ ፋጡማ «ማሻ አላህ፣ ይኼ የኛ ቤት ነው?» አሉ። ሐጂ ግን እስከ መጨረሻው አዩት።

«የኋላው ክፍል የታለ?»

«አለ፣ ሐጂ። እዚህ ጋ፣ ከበሩ ላይ።»

«ግድግዳው አይታይም እኮ።»

የኋላው ክፍል ከተዳፋቱ ጋር የተያያዘ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይሰርጋል፤ የግድግዳው ሥር ቀለሙ ተልጦ ቡናማ መስመር ሠርቷል። እኔ ካሜራውን በሩ ላይ አቁሜ፣ የተከፈተው የበሩ መዝጊያ ያንን ግድግዳ እንዲከልለው አድርጌ ነበር። እንዲያውም ኮርቼበታለሁ። ጥሩ አቀማመጥ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን የሚቀረውንም ይመርጣል ብዬ አስረዳኋቸው።

ሐጂ ትምህርቴን በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ገባኝ። ግን እንዲቀር የመረጥሽው የቤቱን ጉድለት ነው። ጉድለቱን ሸሽጌ ብሸጠው ገንዘቡ ሐላል አይሆንልኝም።»

«አባዬ፣ ሰውዬው ከመክፈሉ በፊት በስልክ ትነግረዋለህ» አለች ዘይነብ።

«በዓይኑ ወዶት ካበቃ በኋላ በጆሮው ልነግረው? እሱ መጥቶ ቢሆን በጣቱ ይነካው ነበር። አሁን ያለው ዓይን የዚህች ልጅ ዓይን ብቻ ነው።»

«ሌሎቹ ሻጮች ያሳያሉ? አንተ ብቻ አሳይተህ ቢቀርስ? እማዬን በሐረጎ እስከመቼ ነው የምናመላልሳት?» ድምፅዋ ተሰበረ። ሐጂ መሬት መሬት አዩ።

ሁላችንም ወደ ወይዘሮ ፋጡማ ዞርን። የእግሩ ጉዳይ የእሳቸው ነው። ስትሮኩ ንግግራቸውን አዘግይቶታል፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያወጡት።

«ያንን ውሃ … አሥር ክረምት በባልዲ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሴት … ሳታውቅ ትግባበት? ቅረጪው ልጄ። ደህና አድርገሽ ቅረጪው።»

ዘይነብ ወደ ግቢ ወጣች። እኔም ማስታወሻዬን ዘጋሁ፤ ለዚህ ያዘጋጀሁት ትምህርት አልነበረኝም። ነገር ግን ደንቡ ያው ሆነ። መስኮቱን ከፍተን ብርሃኑ ግድግዳውን በጎን እንዲልሰው አደረግን፤ የተላጠው ቀለም ጥላ አወጣና ጎልቶ ታየ። ሐጂን ለመጠን ብዬ ግድግዳው አጠገብ አቆምኳቸው። ቡናማውን መስመር በከዘራቸው እየነኩ፣ «በነሐሴ እስከዚህ ይደርሳል። ከውጭ ቦይ ቢቆፈርለት ይቀራል፤ እኔ አቅም አጥቼ ነው» አሉ። ካሜራውን አላንቀሳቀስኩም። የቀኑ ምርጥ ቀረጻ እሱ ነው፤ አንድም ጊዜ አልደገምነውም።

ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ወደ ደሴ

ወደ ላይ ስንመለስ ሌላ ሾፌር ነበር፤ ሎሚውን ጨረስኩት። ዘይነብ ሐረጎ አናት እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ቦርከና ሸለቆ ታይ ነበር።

«ተናደድሽብኝ?» አልኳት።

«ባንቺ አይደለም። በእማዬና በአባዬ ነው። ተስማምተው የሚያውቁት እንዲህ ባለው ነገር ብቻ ነው።»

11 ሰዓት ከሩብ፣ ፒያሳ

አቶ ሰይድ ሱቃቸውን ሊዘጉ ጨርቅ እየጠቀለሉ ነው። ካርዱን ኮምፒውተራቸው ላይ ከትተው ቆመው አዩ። ሐጂ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፉ አቶ ሰይድ ጨርቁን አስቀመጡ። ያንን ቦታ መልሰው ከፍተው አዩት።

«ከዚህ በፊት የሦስት ሰው ቤት አምጥተውልኛል» አሉ። «ሁሉም ያምራል። በነዚያ ቤቶች ግን ነሐሴ አይገባም መሰለኝ።»

ካርዱን በወረቀት ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ይሁን አይሁን ሳይሉን ተሰነባበትን። ደሴ ላይ ጭጋጉ እንደገና ወርዷል፤ ሹራባችንን ለበስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጨመረ

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ዘይነብ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰውዬው ከጅዳ ደውሏል። ስለ ሳሎኑም ስለ በረንዳውም ምንም አልጠየቀም፤ ለሐጂ ያቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ቁመትዎ ስንት ነው?»

ሐጂ ለጊዜው አልገባቸውም። ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ ከእሳቸው ቁመት ሊያሰላው ፈልጎ ነው። የመካኒክ ሜትራቸውን አውጥተው ግድግዳው ሥር ቆሙና እትዬ አስካለ ለኳቸው። ሰውዬው የቦዩን ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀንሱለት ጠየቀ፣ ሐጂ ቀነሱ፣ በዚያው ስልክ ተስማሙ።

ትናንት፣ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ ፋጡማ ደሴ ከተከራዩት አዲስ ቤት ወደ ሆስፒታሉ በእግራቸው ሄዱ። ዘይነብ በግራ ጎናቸው ደግፋቸዋለች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍ አሉ፤ ቀጠሯቸው ግን አላለፈባቸውም።